ብርጭቆውን ማን ሰበረው?

አንድ ሳጥን አስቡ። ውስጡ ጠረጴዛ ተስሏል። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው አጠገብ ድመት። ከዚያ ጣት የማታክል ነጭ ክፍተት። ከክፍተቷ ቀጥሎ ሁለተኛ ሳጥን። እዚህኛው ላይ ወለሉ ስብርባሪ በስብርባሪ ሆኗል። ድመቷ ምንም እንዳልተፈጠረ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ብርጭቆውን ማን ሰበረው? ድመቷ ናት ትላላችሁ። ግን ስትገፋው አላያችሁም። ሲወድቅም የሳለ ሰው የለም። እውነቱን እናውራ ከተባለ ሰባሪዎቹ እናንተ ናችሁ። ያቺ ነጭ ክፍተት ላይ ስትደርሱ በራሳችሁ ጭንቅላት ገፋ አድርጋችሁ ጣላችሁት።

ብዙ ሰው ኮሚክስ (እንዲህ በሥዕል ሳጥኖች የሚነገር ታሪክ) ሲባል የሚመጣበት ሥዕል ነው። ሥዕልማ ፖስተርም ሥዕል ነው። ኮሚክስን ኮሚክስ የሚያደርገው የቱ ከየቱ ቀጥሎ ይምጣ፣ ማን ምን ያህል ቦታ ይያዝ፣ ምኑ ይዘለል የሚለው ውሳኔ ነው። ሌላ ቃል ስላጣሁ ድርደራ ልበለው።

ጉዳዩ የጥበብ ወዳጆች ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት። ግን ሕግ ቤት ገብቷል። በየካቲት 2023 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ‹ዛሪያ ኦፍ ዘ ዶን› በተባለ አጭር ኮሚክስ ላይ ውሳኔ ሰጠ። ሥዕሎቹ የወጡት ሚድጆርኒ ከተባለው የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራም ነው። ጽሑፉና ድርደራው የሰው ነው። ቢሮው ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ሥዕሎቹ በነጠላ ሲታዩ ሰው የሠራቸው ስላልሆኑ መብት አይጠበቅላቸውም አለ። ጽሑፉ፣ እንዲሁም ሥዕሎቹ የተመረጡበትና የተደረደሩበት መንገድ ግን የደራሲው ነው፣ ይጠበቃል አለ።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ድርደራው ምን ያህል ሥራ እንደሆነ በቅርብ እንየው።

የኮሚክስ አባት እየተባለ የሚጠራው የጄኔቫው አስተማሪ ሮዶልፍ ቶፕፈር ነው። ሠዓሊ መሆን ፈልጎ ዓይኑን ስላመመው የተወ ሰው ነው። ከ1827 ጀምሮ ተማሪዎቹን የሚያስቅበት ታሪክ በሥዕልና በጽሑፍ እያያያዘ ይሠራ ነበር። ታላቁ የጀርመን ባለቅኔ ጎተ እንኳ አይቶ ወዶለታል። ቶፕፈር ራሱ ስለ ሥራው ሲያስረዳ፣ ሥዕሎቹ ያለ ጽሑፉ ትርጉማቸው ይደበዝዛል፣ ጽሑፉም ያለ ሥዕሎቹ ምንም አይልም ብሏል። መስመሩ ጫር ጫር ነው። ተጠቦ የሳለው አይመስልም። አዲስ ነገር የጀመረው በእጁ ጥበብ ሳይሆን ነገሮቹን ጎን ለጎን በማስቀመጡ ነው።

ሥዕልም ድርደራም አንድ ላይ የተዋጣለትን ሰው ካላችሁኝ ዊንዘር ማኬይን እጠራለሁ። ከ1905 ጀምሮ በኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ የእሁድ ገጽ ላይ ስለ አንድ ሕልመኛ ልጅ ይሠራ ነበር። ልጁ ኒሞ ይባላል። በየሳምንቱ ሕልም ያያል፣ በየሳምንቱ የመጨረሻዋ ሳጥን ላይ ይነቃል። በሐምሌ 1908 የወጣችው ገጽ ላይ አልጋው እግር ያወጣል። እግሩ ይረዝማል። ሲረዝም ሳጥኖቹም አብረው ቁመት ይጨምራሉ። አልጋው ከቤት ወጥቶ በከተማው ፎቆች አናት ላይ ሲራመድ ሳጥኖቹ እንደ ፎቆቹ ረጃጅም ሆነዋል። እንግዲህ ይህ የታተመው ግማሽ ሜትር ገደማ ቁመት ባለው የጋዜጣ ወረቀት ላይ ነው። ያኔ አንድ ትንሽ አንባቢ ወለል ላይ በሆዱ ተኝቶ ሲያነበው፣ ገጹ ከራሱ ቁመት ግማሽ ያህል ነበር ማለት ነው። ያንን በስልክ ስክሪን ለማየት ሞክሩ። ያልፋችኋል።

አሁን ግን ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው ስምንት ገጽ ልለፍ።

ሠዓሊው በርናርድ ክሪግስታይን ነው። በ1955 ኢሲ ለሚባል የአሜሪካ አሳታሚ ይሠራል። ኢሲ ቤት የነበረው አሠራር እንዲህ ነው። አዘጋጁ አል ፌልድስታይን ታሪኩን ይጽፋል። ጽሑፉ ሥዕሉ የሚሠራበት ወረቀት ላይ ቀድሞ ይሰፍራል፣ ሳጥኖቹም ተሰምረው ይመጣሉ። ሠዓሊው ባዶውን ቦታ ይሞላል። አለቀ። ክሪግስታይን ‹ማስተር ሬስ› የተባለ የስድስት ገጽ ታሪክ ደረሰው። አነበበውና ስድስት ገጽ አይበቃውም አለ። አሥራ ሁለት ስጡኝ ብሎ ለመነ። በስንት ልመና ስምንት ተፈቀደለት። አሥራ ሁለቱን በስምንት ለማብቃት ምን አደረገ? ተሰምሮ የመጣለትን ወረቀት በመቀስ ቆራረጠና እንደ ገና ለጠፈው።

ታሪኩ ባጭሩ ይኼ ነው። ካርል ራይስማን የተባለ ሰው ኒው ዮርክ ውስጥ የምድር ባቡር ይሳፈራል። ጥቁር የለበሰ ሌላ ሰው ይገባል። ራይስማን ሰውዬውን ሲያይ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ትዝታ ይመጣበታል። አንባቢው ራይስማንን ከካምፕ የተረፈ ምስኪን አድርጎ ያዝንለታል። መጨረሻ ላይ ጉዱ ይወጣል፤ የካምፑ አዛዥ እሱ ራሱ ነበር። ከባቡሩ ወርዶ ይሮጣል፣ መቆሚያው ጠርዝ ላይ ያዳልጠዋል፣ ሌላ ባቡር እየመጣ ነው።

ያኔ የተለመደው ቢሆን ይህ በአንድ ትልቅ ሥዕል ያልቃል። አፍ ተከፍቶ፣ እጅ ተዘርግቶ፣ ከላይ የጩኸት ፊደል ተደርድሮ። ክሪግስታይን ግን ያቺን አንዲት ቅጽበት በቀጫጭን ሳጥኖች ከታትፎ አስቀመጣት። ሰውየው ሲወድቅ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሰከንድ አይሞላም። አንባቢው ግን እያንዳንዷ ጠባብ ሳጥን ላይ መቆም አለበት። በሕይወትም ሰው ሲወድቅ ጊዜ እንዲሁ ነው የሚጎተተው። ባቡሩ ሲያልፍ ደግሞ መስኮቱ ላይ ያለው ተሳፋሪ ፊት ይደጋገማል። ያው ፊት፣ ያው ፊት፣ ያው ፊት። ዓይን ፈጣን ነገር ሲያይ እንደሚወናበደው። ሞቱ አልታየም። እንደ ብርጭቆው ነው፤ ክፍተቱ ውስጥ ነው ያለው።

በዚህ ታሪክ ላይ ክሪግስታይን አንዲት ቃል አልጻፈም። ታሪኩንም አላፈለቀም። ታዲያ ዛሬ ‹ማስተር ሬስ› ሲባል ለምን የሱ ስም ይነሳል? መቀሱ ነዋ።

ኢሲ ግን አልቆየም። በ1954 ኮሚክስ ልጆችን ያባልጋል የሚል ዘመቻ የአሜሪካ ምክር ቤት ድረስ ደርሶ፣ አሳታሚዎቹ ፈርተው በራሳቸው ላይ የሳንሱር ደንብ አወጡ። ኢሲ ደንቡን መቋቋም አቅቶት ኮሚክሶቹን አንድ በአንድ ዘጋ። ክሪግስታይንም ኮሚክሱን ትቶ አስተማሪ ሆነ።

ከዚህ አንድ ነገር እንያዝ። በኮሚክስ ውስጥ ቦታ ማለት ጊዜ ነው። ቦታ የሌለው ሠዓሊ ጊዜም የለውም። ስለዚህ የዚህ ጥበብ ታሪክ ገሚሱ የወረቀት ታሪክ ነው። ጃፓን ውስጥ ኦሳሙ ቴዙካ በ1947 ከሺቺማ ሳካይ ጋር ያወጣው መጽሐፍ የሚጀምረው አንድ ልጅ መኪና እየነዳ ወደ ወደብ ሲበር ነው። ሳጥን ከሳጥን መኪናው ይመጣል፣ ይታጠፋል፣ ይሄዳል። ያኔ የተለመደው አሠራር ይህን ሁሉ በአንዲት ሥዕል የሚጨርስ ነበር። በኋላ የጃፓን ሳምንታዊ መጽሔቶች እንደ ስልክ ማውጫ ሲወፍሩ ማንጋ የሚባለው የጃፓን ኮሚክስ ቦታ አገኘ፤ ቦታ ሲያገኝ ተዝናና። ሁለት ሰው ዝም ተባብሎ የሚተያይበት ሦስት ገጽ ማንጋ ውስጥ ብርቅ አይደለም። አሜሪካ ጋዜጦች ላይ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ሳጥኖቹ ከዓመት ዓመት አነሱ። የ‹ካልቪን ኤንድ ሆብስ› ሠዓሊ ቢል ዋተርሰን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የእሁድ ሥራዬ የጋዜጣው ግማሽ ገጽ ላይ ካልወጣ፣ ማንም እንዳሻው ሊቆራርጠው የሚችል ከሆነ አልሠራም ብሎ ተሟገተ፣ ረታም። ሰው ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቅበት ሥራ ላይ ቦታ የጠየቀ ሰው ነው። በገጸ ባሕርያቱ መጫወቻ ተሠርቶ እንዲሸጥም አልፈቀደም።

እንግዲህ ወደ ሳቄ ልመለስ።

ጃክ ካርቢን በስም የማያውቀው ሰው እንኳ ሥራውን ያውቀዋል። ካፒቴን አሜሪካ የተባለውን የኮሚክስ ጀግና ከጆ ሳይመን ጋር የፈጠረ ነው። የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲያቀምሰው ይታያል፤ አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። በ1961 ደግሞ ከጸሐፊው ስታን ሊ ጋር ‹ፋንታስቲክ ፎር› የተባለውን የጀግኖች ኮሚክስ ጀመሩ። ማርቭል በተባለው አሳታሚያቸው ቤት ያኔ ሥራው የሚሄደው እንደ ኢሲ አልነበረም። ሊ ጭብጡን በአጭሩ ይሰጣል፤ አንዳንዴ በቃል፣ አንዳንዴ በብጣሽ ወረቀት። ካርቢ ቤቱ ቁጭ ብሎ ገጾቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደረድራል። ማን መቼ ይገባል፣ ድብድቡ ስንት ገጽ ይፈጃል፣ የቱ ጋ ጸጥ ይላል፣ ሁሉንም እሱ ይወስናል። ከዚያ ሊ ንግግሩን አረፋዎቹ ውስጥ ይጽፋል።

በ1966 የወጣው አንድ ታሪክ ላይ ካርቢ ያመጣቸው ገጾች ውስጥ ሊ የማያውቀው ፍጥረት ተገኘ። ሰውነቱ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ፣ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ሕዋ ውስጥ የሚንሳፈፍ። ይኼ ደግሞ ማነው? ሲልቨር ሰርፈር የተወለደው እንዲህ ነው። ይህን ታሪክ ሊ ራሱ ደጋግሞ አውርቶታል።

ጸሐፊው ማነው ሲባል ታዲያ ሊ። ካርቢ? እሱማ ሠዓሊው ነው! ካርቢ በ1994 አረፈ። ወራሾቹ የመብት ጥያቄ ሲያነሱ ፍርድ ቤት በ2011 ሥራው በአሳታሚው ትእዛዝ የተሠራ ነው ብሎ ለማርቭል ፈረደ። ይግባኙም አልተሳካም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ እያለ በ2014 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተርማ ይብሳሉ። በ1938 መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። አሥራ ሦስት ገጽ፣ ለገጽ አሥር ዶላር። ሱፐርማን መጀመሪያ የወጣበት እትም በ2024 አንድ ቅጂው በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

ይታያችሁ። ካርቢ ገጽ ሲደረድር ዕድሜውን ሲጨርስ ድርደራው እንደ ድርሰት አልተቆጠረለትም። ሥዕል ነው ተባለ፣ ሥዕሉም የአሳታሚው ነው ተባለ። አሁን ማሽን መሳል ሲችል ሕጉ ዞር ብሎ ሥዕሉን ተዉት፣ የሰው የሆነው ድርደራው ነው አለ። ከቶፕፈር ጀምሮ እዚያው የነበረ ነገር ነው። ያየው የለም እንጂ።

አሁን ደግሞ የድርደራው ቤት የነበረው ገጽ ራሱ እየሄደ ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በ2003 ዳውም፣ በ2004 ኔቨር የተባሉት የኢንተርኔት ድርጅቶች ዌብቱን ማውጣት ጀመሩ። ሳጥኖቹ ጎን ለጎን መሆናቸው ቀርቶ ከላይ ወደ ታች ተንጠለጠሉ። አንባቢው በአውራ ጣቱ ስክሮል ያደርጋል። ዛሬ ዓለም ላይ ብዙ ወጣት ኮሚክስ ሲባል የሚያውቀው ይህንኑ ነው። የኔቨር ዌብቱን ኩባንያ በ2024 ናስዳክ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ አክሲዮኑን እስከመሸጥ ደርሷል።

ብዙ የድሮ አንባቢ ገጹ ሞተ ብሎ ያለቅሳል። እኔ እንባዬ ግማሽ ነው። የጠፋ ነገር አለ። ገጽ ስትገልጡ መጀመሪያ የምታዩት ሙሉውን ነው። ገና ሳታነቡ ዓይናችሁ ታች ያለውን ሹክ ይላችኋል። የማኬይ አልጋ የሚያምረው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሳጥን አብረው ስለሚታዩ ነው። ስክሮል ላይ ያለፈው አለፈ፣ የሚመጣው አይታወቅም። በዚህ ላይ ለገጽ የተሠራን ሥራ ሳጥን በሳጥን ቆራርጠው በስልክ የሚያቀርቡ መተግበሪያዎች አሉ። እሱን ማንበብ ዘፈንን በአንድ ጆሮ፣ ያውም በበር ቀዳዳ እንደ መስማት ነው። ክሪስ ዌር በ2012 ‹ቢልዲንግ ስቶሪስ›ን ሲያወጣ አሥራ አራት የተለያዩ የታተሙ ነገሮችን በአንድ ካርቶን አድርጎ ነው የሸጠው። ጋዜጣ የሚመስል አለ፣ ቡክሌት አለ፣ እጥፍ ወረቀት አለ። ከየትኛው ይጀመር የሚል ነገር የለውም። ስልክ ውስጥ ይግባ ቢሉት አይገባም፤ ሰውዬው ሆን ብሎ ነው።

ግን ስክሮልም የራሱ ድርደራ አለው። ነጩ ክፍተት አልጠፋም፣ እንዲያውም ረዘመ። ወረቀት ላይ ክፍተት ገንዘብ ነው፤ ስክሪን ላይ ነጻ ነው። ጎበዝ የዌብቱን ሠዓሊ አንድ ሰው ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ስልኩን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚሞላ ባዶ ነጭ ይሰጣችኋል። አውራ ጣታችሁ ይወርዳል፣ ይወርዳል። መልሱ አይመጣም። ያ ዝምታ ነው፣ እናንተም በገዛ እጃችሁ እየለካችሁት ነው። ሆራንግ የተባለው ኮሪያዊ በ2011 የሠራት አጭር የመንፈስ ታሪክ ደግሞ አለች። አንዲት ልጅ በሌሊት ወደ ቤቷ ስትሄድ እግርና እጇ የተጣመመ ሴት ታያለች። እናንተ ቀስ ብላችሁ ስክሮል እያደረጋችሁ ነው። ድንገት ገጹ ከእጃችሁ አምልጦ በራሱ ይሮጣል፣ ሴትየዋም ወደ እናንተ ትመጣለች። እኔ በልቤ እየተሳደብኩ ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬዋለሁ። ማንም ሠዓሊ ወረቀት ላይ እንዲህ ሊያደርገኝ አይችልም።

ስለዚህ ስልኩ ጠላት አይደለም። የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ ነው። ዌብቱን የሚወጣው በየሳምንቱ ነው፤ በቀለም፣ ብዙ ጊዜ ስድሳ ሰባ ሳጥን። ‹ሶሎ ሌቭሊንግ› የተባለውን ልብ ወለድ ወደ ዌብቱን ያመጣው ሠዓሊ ጃንግ ሱንግ-ራክ በ2022 በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ሲሞት ዕድሜው 37 ነበር። ሞቱን ከሥራው ጋር አያይዞ መፍረድ የኔ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን ኮሪያ ውስጥ ስለ ሠዓሊዎች የሥራ ጫና ክርክሩ ያኔ ጠንክሮ ተነስቷል። እንዲህ ያለ ጫና ባለበት ቤት ኤአይ እንግዳ ሆኖ አይመጣም። እፎይታ ሆኖ ነው የሚመጣው። ቀለሙን ይቀባ፣ ጀርባውን ይሙላ፣ ቀጥሎም ፊቱን ይሳል። እኔ ሠዓሊው ብሆን በሦስተኛው ሌሊት እጄን የማልሰጥ አይመስለኝም።

ጥያቄው የቱ ጋ ይቁም የሚለው ነው። እዚህ ላይ የማንጋ ሰዎች የቆየ ልማድ መልስ ባይሆን ፍንጭ ይሰጣል። የማንጋ ደራሲዎች ብዙዎቹ ረዳቶች አሏቸው። ሕንፃውን፣ ዛፉን፣ ሕዝቡን፣ መኪናውን ረዳቶች ይስላሉ። በዚህ የሚያፍር የለም። ከዚያ ሁሉ በፊት የሚሠራ አንድ ወረቀት ግን አለ። ‹ኔሙ› ይሉታል። ደራሲው ራሱ ነው የሚሠራው፣ አዘጋጁም መጀመሪያ የሚያየውና የሚከራከርበት እሱን ነው። ሥዕሉ የሚጀመረው ኔሙ ካለፈ በኋላ ነው።

ኔሙ ያየ ሰው መጀመሪያ የሕፃን ጭረት ይመስለዋል። ጭንቅላቱ እንቁላል፣ አካሉ ክር። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ። አንዱ እንቁላል ላይ ቀስት ተሰምሮ ስም ተጽፎበታል፤ ማን እንደሆነ እንዳይጠፋ። ፀጉር የሚለየው በሁለት ጭረት ነው። ሳጥኖቹ ግን ተለክተዋል። የንግግር አረፋው የቱ ጋ እንደሚቀመጥ ታውቋል። ገጹ የሚገለጥበት ቦታ ላይ ምን መደበቅ እንዳለበት ታስቦበታል። አንዷ ሳጥን ሦስቴ ተሰርዛ ሦስቴ ተሰምራለች። ከጎኗ ደግሞ ባዶ የተተወ ቦታ አለ፤ ሳይጨርሰው ቀርቶ አይደለም።